የአክሊሉ ልጅ ሚዛን ላይ ሲወጣ

ማርች ሃያ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደግነት ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ አጥር ጥግ ቆሟል። ቆሟል ይባል እንጂ አንዴ በግራ እግሩ አንዴ በቀኙ ነው፤ ሁለት ሊትር አጃ የያዘውን ፔርሙስ ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው ያዛውራል። የወንድሙ ልጅ ናዖድ ሊመዘን ነው። የትልልቆቹ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች መልማዮች ከየስቴቱ መጥተው ሰዓታቸውንና ሜትራቸውን ይዘው ተኮልኩለዋል። ናዖድ ኳስ ወርዋሪውን ከፊት ተደርድረው ከሚጠብቁት አምስት ግዙፎች የግራውን ዳር የሚይዘው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሦስት መቶ ፓውንድ ያልሞላ ሰው የሚያየው የለም። ናዖድ ደግሞ አይሞላም ነበር።

ምክንያቱ ፆም ነው።

አባቱ አክሊሉ የሞተው በጥር ነው። ታክሲ ነጂ ነበር። የኦክላንድ ቡድን ወደ ላስ ቬጋስ እስኪሄድ ድረስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ስታዲየም ይሄዳል፤ ነጠላውን ከጃኬቱ ስር እንደለበሰ። ኳሱን ግን አያይም። «ኳስ የሚያይ ሰው ሠርግ ሄዶ ሙሽራዋን ብቻ አይቶ የሚመለስ ነው» ይል ነበር። «ድንኳኑን የያዘው ማን ነው? እሱን እይ!»

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ አቅቶት ነበር። «ደግነት፣ እየው፣ እየው! ድሮ ግድግዳ ነበር፤ ዛሬ መጋረጃ! ንፋስ በመጣ ቁጥር ይከፈታል!» ብሎ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። እሱ እንደሚለው ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ኮሌጆቹ ኳሱን ቶሎ ቶሎ መልቀቅ ስለለመዱ ልጆቹ ሰው ጠብቆ መቆየትን ሳይማሩ ያድጋሉ። ትልቁ ሊግ ሲገቡ ደግሞ ትጥቅ ለብሶ የመላተሙ ልምምድ ቀንሷል። አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ይሸጣል፤ አምስቱ በቅጡ ሳይተዋወቁ ዓመቱ ያልቃል። «መስመር ማለት ከጎንህ ያለውን ዞረህ ሳታይ ማመን ነው» ይል ነበር። «ዞረህ ካየኸው አለቀ። ያን ጊዜ ያንተ ሰው አልፎሃል።»

ናዖድን ከልጅነቱ ጀምሮ በሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ሣር ላይ ወደኋላ እያስረገጠ ያሳደገው እሱ ነው። «ደህና ሰው ጠፍቷል፤ በሩ ክፍት ነው፤ አንተ ትገባለህ» እያለው።

በቀብሩ ቀን ናዖድ ትልቅ እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ። አማርኛው እንደ ልቡ የማይታዘዝለት ልጅ፣ «አባ፣ ሁዳዴን ላንተ እፆማለሁ፤ ኦል ኦፍ ኢት» አለ። የሰማ ሁሉ አለቀሰ። ደግነትም አለቀሰ። ሁዳዴ ከምልመላው ጋር እንደሚገጣጠም ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

ፆሙ ገባ፣ ልጁ መክሳት ጀመረ። ሁለት መቶ ዘጠና ፓውንድ የሚመዝነውን ሰው የቤተ ክርስቲያን እናቶች ጉንጩን እየነካኩ፣ «ውይ፣ አለቅክ እኮ የኔ ልጅ! አትበላም እንዴ?» ይሉት ነበር። እናቱ ሮማነወርቅ ምስሩን በትልቁ ድስት፣ ለውዙን በጎድጓዳ ሳህን ታቀርብለታለች። ለዚያ ገላ ባሕር ውስጥ እንደ ወደቀ ጠጠር ነበር።

ደግነትን አላስቻለውም። ቴሜስካል ሰፈር ሄዶ የቤተሰቡን የንስሐ አባት፣ አባ ተስፋጽዮንን፣ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ያዛቸው።

«አባታችን፣ ይፍቱልኝ።»

«ማንን?»

«የወንድሜን ልጅ። ለሥራው ሥጋ ያስፈልገዋል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ይቆማል።»

«መቆምማ እኛም እንቆማለን፣ ደግነት። ቅዳሴውን ሙሉ።»

«እርስዎን እየሮጠ መጥቶ የሚገፋዎ የለማ!»

«ዲያቆናቱን አላየሃቸውም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ሰዓቱን ፈትቼለታለሁ፤ በጠዋትም ይብላ። ፍስክ ካስፈለገው ግን ራሱ ይምጣ። የሰው ስእለት በአማላጅ አይፈታም» አሉት።

ናዖድ አልሄደም። «አይም ጉድ፣ ጋሼ» ብቻ ነው ያለው።

ደግነት የኮንቴይነር መኪና ነጂ ነው። በኦክላንድ ወደብ ሰልፍ ላይ ሞተር አጥፍቶ ሲያስብ፣ አስነስቶ ሲያስብ ሰነበተና ከስፖርተኞች መደብር አንድ ትልቅ ጣሳ የወተት ዱቄት ገዛ። ጭኖ ናዖድ ወደሚማርበት ሳን ሆዜ ስለሚወርድ፣ ሮማነወርቅ ያፈላችውን የፆም አጃ ለናዖድ በየማለዳው የሚያደርሰው እሱ ነበር። መንገድ ላይ ቆም ይልና ዱቄቱን ጨምሮ ይበጠብጠዋል። «ዱቄት ነው እንግዲህ፤ ላም አይመስል፣ ወተት አይመስል» ይላል ለራሱ። ደግሞ፣ «ልጁ ምን አውቆ? ኃጢአቱ በኔ» ይላል። ሮማነወርቅ አታውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጁ ወዝ አገኘ።

አሁን ናዖድ እየተንጎማለለ ወደ አጥሩ መጣ።

«ጋሼ፣ ለምን ትዞራለህ? ሪላክስ አድርግ እንጂ።»

«አንተ ሪላክስ አድርግ። ስንት ነህ?»

«ሁለት ዘጠና ስምንት። ግን ይሄ» ብሎ ፔርሙሱን ከእጁ ተቀበለ፤ «አራት ፓውንድ ነው። ከጠጣሁት ሦስት መቶ ሁለት!» ሳቀ። ሲስቅ አክሊሉን ነው።

ክዳኑን ከፍቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ቆም አለ። አሸተተ።

«ጋሼ፣ ትላንት ቤት ሄጄ እማዬ አጃ ሰጠችኝ። ዲፍረንት ነው።» ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነበር። «ይሄ ወተት አለው?»

«የለውም» የምትለዋ ቃል ደግነት ምላስ ላይ ደርሳ ነበር። ናዖድ ዞሮ አላየውም። ፊቱን ወደ ሜዳው እንዳደረገ፣ ፔርሙሱን እንደያዘ፣ የአጎቱን ቃል ይጠብቃል። የለውም ቢለው ይጠጣዋል፤ ደግሞ አይጠይቅም። ይህን ደግነት ያወቀው የናዖድን ጀርባ አይቶ ነው።

«አለው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው።»

ያን ጊዜ ናዖድ ዞሮ አየው።

«አክሊሉ!» ብሎ አንድ ሰው ከሜዳው ጮኸ።

ሁለቱም ደነገጡ። ስም የሚጠራው በአባት ስም የፊደል ተራ ነውና የአክሊሉ ልጅ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። ናዖድ ክዳኑን ገጥሞ ፔርሙሱን በአጥሩ ላይ አቀበለውና ሄደ። ውሃ እንኳ ለመጠጣት ጊዜ አልነበረውም።

ሚዛኑ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት አለ። አንድ መልማይ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ናዖድን ሜዳ አስገቡት። አንድ ደንዳና ልጅ እንደ ተለቀቀ ኮርማ መጣበት፤ ናዖድ ወደኋላ ረገጠ፣ ሌላ ረገጠ፣ እጁን በልጁ ደረት ላይ አሳረፈና ቆመ። ልጁ ዞረ፣ ገፋ፣ ዘለለ፤ ናዖድ ከፊቱ አልጠፋም። ደግነት «እየው! እየው!» ብሎ ወደ ጎኑ ዞረ። ጎኑ ማንም አልነበረም። ወደ መኪናው ሄዶ ዙሪያውን ዞረው፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ዞረው።

አብረው ወደ ኦክላንድ ተመለሱ።

«ስጠይቅህ ነገርከኝ» አለ ናዖድ መንገድ ላይ።

«ከጠየቅከኝ በኋላ ነው እንጂ።»

«የስ» አለ ናዖድ። «ከጠየቅኩህ በኋላ ነው።»

ናዖድ እስከ ፋሲካ ፆመ። ከፋሲካ በኋላ በዋለው ምልመላ ስሙ አልተጠራም። አንድ ቡድን ለሙከራ ወስዶት በክረምቱ ማብቂያ አሰናበተው፤ አሁን ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ሃይስኩል አምስቱን ያሠለጥናል። ረቡዕና ዓርብ ናዖድ በደግነት ቤት አይበላም። በሌላው ቀን ይበላል።