የትም የማይሄድ ብስክሌት

«አባት፣ አሮጌ አንገዛም» አለች የስፖርት ዕቃ መደብሩ ሻጭ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

ቸርኬ ብስክሌቱን በትከሻው እንደተሸከመ በመስታወቱ በርና በማሳያው ጠረጴዛ መካከል ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ጎማ ሲያቃና የኖረ፣ እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ ሰፈሩ በለጠፈበት የሚጠራ ሰው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አይቸግረውም ነበር። ዛሬ ግን አፉን ለአማቹ አከራይቶ ነው የመጣው። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ፣ ሁለት ቃል ለሚበቃው ጉዳይ ስብሰባ የሚጠራ ዓይነት ሰው። ሊሸጡ ሳይሆን ሊገዙ እንደመጡ፣ ብስክሌቱም የመጣው ለልክ እንደሆነ፣ ጋሼ ያለ ልክ የመርፌ ክር እንኳ ገዝቶ እንደማያውቅ ለሻጯ ልጅ በረጅሙ አስረዳት። እሷም ብስክሌቱን ከመሪው እስከ ኮርቻው አየችው። አስተያየቷ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን የማያውቅ ሰው ዓይነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ቸርኬ ገበያው አጠገብ ባለው አደባባይ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ጎን ተላትሞ ወደቀ። ክንዱ ተላጠ፣ አንድ የጎድን አጥንቱ ተሰነጠቀ፣ ሚስቱም በዚያው ዕለት ፈረደች፤ ያ ብስክሌት ከእንግዲህ መንገድ አይወጣም። ሲለማመጣት ከረመና እስከ ዛሬዋ ቅዳሜ ቀን ሰጠችው። ወይ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ አስሮ የሚነዳበትን ማሽን ይዞ ይገባል፣ ወይ ብስክሌቱ ነገ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

ቸርኬ ለቤተሰቡ የነገረው ሾፌሩ እንደ እብድ መጥቶ እንደገጨው ነው። ያልነገረው፣ መኪናውን ጨርሶ እንዳላየው ነው። ክንዱ ሲድን ተደብቆ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሠራና ዙሪያቸውን በእስክሪብቶ አጠቆረ፤ መሀላቸውን ብቻ ነጭ ተወው። በቧንቧ ውስጥ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነዎት አለው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እንጠብቃለን። ቸርኬ ጠብታውን ተቀብሎ ከግራሶ ጣሳዎቹ ኋላ ሸሸገው። ለመሀሉ አልተጨነቀም፤ ጎማ ለማቃናት መሀሉ ይበቃል። ይህን ሚስቱ ከሰማች ግን የሚዘጋበት መንገዱ ብቻ አይደለም። መሰርሰሪያውና ሞረዱ፣ ጋራዡ ራሱ በሳምንቱ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ቤት ተቀምጦ ከአማቹ ጋር ዜና ማየት ነው የሚቀረው፤ ይህን ከማሰብ ደግሞ የጭነት መኪናው ይሻላል።

ልጅቱ ሁለት ዓይነት ማሽን አሳየችው። አንዱ የኋላ ጎማውን እንዳለ ተቀብሎ ከሥር ተሽከርካሪ ብረት ያስጠጋበታል። ሌላው ጎማውን አስወልቆ የብስክሌቱን ካቴና በራሱ ጥርስ ላይ ያስገባል፤ መንገድ ከሚያሳይ ኮምፒውተር ጋር ይነጋገርና ስክሪኑ ላይ ዳገት ሲመጣ ይከብዳል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ይቀላል። የመጀመሪያው ጎማ ይበላል፣ ይጮኻል፣ የነጂውንም ጉልበት በግምት ነው የሚናገረው አለች። ሁለተኛው አይገምትም።

ቸርኬ ሁለተኛውን ዞሮ ዞሮ አየው። እግር ያወጣ ድስት መሰለው። ለዚህ ነው እንግዲህ መሐንዲስ የሚማረው አለ በሆዱ፤ ሰው ሄደ እንዲባል፣ ግን እንዳይሄድ። ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ነፋሱስ?»

«ነፋሱ ለብቻው ይሸጣል» አለች ልጅቱ፣ መደርደሪያ ላይ ወዳለው ቬንትሌተር በአገጯ እየጠቆመች።

አማቹ በዚህ መሀል ወግ ጀምሯል። ይህን ማሽን እሱ ካስገባ ስምንት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ የበረዶ ተራራ ወጥቷል፤ በኢንተርኔት አብረውት ከሚነዱ በሺህ የሚቆጠሩ ነጂዎች መሀል አርባኛ ወጥቷል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የነጂውን ክብደት ይጠይቃል፤ ቀላል የሆነ ሰው ዳገቱን ቶሎ ይወጣል። እሱ ስልሳ አምስት ኪሎ ነው። ይህን ሲል ሆዱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ወረቀት ወደ ኋላ ገፋው። ቸርኬ የዚህን ሰው ጎማ ራጂ፣ እነዚያን ጎማውን ወጥረው የሚይዙ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ ቀይሮለታል። ሰው ሚዛኑን ሊያባብል ይችላል፣ ራጂን ማን ያባብላል? ስልሳ አምስት ኪሎ የሚሆነው አንድ እግሩን ቤት ትቶ ሲወጣ ነው። ቸርኬ ውሸታም ሰው አይወድም፤ የራሱን ግን ከውሸት አይቆጥረውም፣ ዝም ማለት ነው የሚለው።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የብስክሌቱን የኋላ ሹካ በማስመሪያ ለካችና ቀና አለች። አይገባም። የዱሮ ሥራ ስለሆነ በአራት ሚሊሜትር ይጠብባል፤ አዲስ ብስክሌት ያስፈልጋል። አማቹ ይህን እስኪሰማ ቸኩሎ የቆየ ይመስል ደስ አለው። ይህ ብረት ሙዚየም መግባት የነበረበት እሱ ገና ተማሪ ሳለ ነው አለ፤ ለዘበኛውም ቢሆን ማዘን ነው።

ቸርኬ የኋላ ጎማውን አውልቆ ብስክሌቱን በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ በጎኑ አስተኛው። አንደኛውን የሹካ ክንድ በጫማው ረገጠ፣ ሌላውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሳበው። ብረቱ አቃሰተ። ልጅቱ ስልኳን አስቀመጠች። ገልብጦ በሌላው ወገን እንዲሁ አደረገ፤ ከዚያ ከኪሱ ክር አወጣ። ክሩን ከአንደኛው ክንድ ጫፍ በመሪው አንገት አዙሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ወጠረና ከኮርቻው ምሰሶ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት በጣቱ ጥፍር ለካ። አንደኛው በፀጉር ያህል ይበልጥ ነበር። ደግሞ ሳበው። ወደ ማሽኑ ሲያስጠጋው ሹካው አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ገባ። አማቹ ጉሮሮውን ጠረገና ለማንኛውም ዋስትና እንደማይኖረው አሳሰበ።

ቸርኬ ለሙከራ ወጣበት። ፊት ለፊቱ ግድግዳውን የሸፈነ ስክሪን አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የጫማ ማስቀመጫ የሚያህል ኮምፒውተር ያጉረመርማል። ቸርኬ የእንጨት ፈረስ ላይ የወጣ ሽማግሌ መስሎ እንደሚታይ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ማንን ተጠያቂ እንደሚያደርግ እያሰበ ፔዳሉን መምታት ጀመረ። አስፋልት መጣ። ታጥፎ ወደ ጫካ ገባ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ፣ ፔዳሉም ከእግሩ ሥር እንደ እውነተኛ ዳገት ከበደ። ማርሽ ቀነሰ። ከኮርቻው ተነሳ። ጭኑ ጋለ፣ ትንፋሹ ደረቱን ሞላው፣ የተሰነጠቀው ጎኑም አለሁ አለ። ሦስት ወር ሙሉ መንገድ አልነበረውም። ይኸው ከፊቱ ነጭ መስመር እየተተረተረ ይመጣል፣ እሱም ያንን መስመር ሳይሳሳት ያየዋል። ድስት ያለውን ማሽን ለጥቂት ደቂቃ ረሳው።

«በግራህ አለፉህ እኮ፣ ጋሼ! ጉልበትህስ ስንት ይላል? እዚያ ቀኝ ጥግ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው» አለ አማቹ ከኋላው።

ቸርኬ ጥጉን ፈለገ። አንገቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር መንገዱ ጠፋ፣ ወደ መንገዱ ሲመለስ ቁጥሩ ጠፋ። ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አደረገ። አማቹ ዝንብ አስቸገረህ ወይ ብሎ ሳቀ። ልጅቱ አልሳቀችም። ትንሽ ቆማ አየችውና ከጠረጴዛው ሥር መጽሐፍ የሚያህል ኮምፒውተር አወጣች፣ በመቆሚያ መሪው ላይ አስቀምጣ ያንኑ መንገድ ከፈተችለት። ትልቁ የዛፉን ቅጠል በየጥላው ያሳያል፣ ትንሹ ቅጠል አያበዛም፣ መንገዱ ግን አንድ ነው አለች። በዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ መንገዱም፣ ቁጥሩም፣ በግራ የሚያልፈውም አንድ ላይ ተሰብስበው ታዩት።

«ትንሹን» አለ ቸርኬ፣ ሳይወርድ።

አማቹ ራሱን ያዘ። እንዲህ ያለ ማሽን ገዝቶ በዚህ ማየት ሰርግ ደግሶ በቁልፍ ቀዳዳ ማየት ነው አለ። ቀጥሎም ባሕርይ አይለወጥም፣ እህቴ ሠላሳ ዓመት ከቆንቋና ጋር መኖሯን ዛሬ በዓይኔ አየሁ አለ፤ ልጅቱም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቸርኬ ስድቡን እንደ ዕቃ አገላብጦ መዘነው። በቆንቋናነት ሰው ጋራዡን አይነጠቅም። ተቀበለው።

ከማሽኑ ወርዶ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ አማቹ እህቱ ዘንድ ደውሎ ክሱን እያሰማ ነበር። ማሽኑ ጥሩ መሆኑን፣ እሱ መምረጡን፣ የኮምፒውተሩን ምርጫ ግን ባሏ እንዳበላሸው ነገራት። ከዚያ አንተው አስረዳት ብሎ ስልኩን በሁለት ጣቱ ዘረጋለት። ቸርኬ ተቀብሎ ወደ መስታወቱ በር ራቅ አለ።

«ትልቁን ትቶ ትንሹን ያዘ ይለኛል» አለች ሚስቱ። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

«አዎ።»

«ለምን?»

ውድ ነው ሊል አሰበ፤ ልዩነቱን እኔ እሞላለሁ ትለዋለች። ቤቱ ጠባብ ነው ሊል አሰበ፤ ቤቱን ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ውጭ መኪኖቹ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ድንገት መሀል ይገባል፣ ወዲያው ይጠፋል።

«ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይሆንልኛል» አለ፣ ምን እንዳለም የሰማው ካለው በኋላ ነው።

የቧንቧው ውሃ ተዘጋ። ሰሃን ከሰሃን ላይ ሲቀመጥ ተሰማው።

«እኔም ጨውን ከጎንህ አንስቼ ፊት ለፊትህ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ» አለችው።