ተፍቆ የተጻፈው ወሰን

ዶክተሩ ከአክስቱ ቤት ሲደርስ ቀያሾቹ ጓሮዋ ውስጥ ቀይ ችካል ተክለው ሄደዋል። አክስቱ ደግሞ ከችካሉ እስከ አጥሩ ገመድ ወጥራ ልብስ አስጥታለች።

"ምን ላድርግ፣ ከመጣ አይቀር ይሥራ ብዬ ነው" አለችው ሳትስቅ። "ቤትሽ የገዳሙ ርስት ላይ ነው፣ በወር ውስጥ ልቀቂ ተባልኩ። ማስረጃው ያንተ መጽሐፍ! እኔ ተምሮ ሲመጣ ቤት ይሠራልኛል ስል፣ የነበረኝንም..."

እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ባሕር ማዶ ተቀምጦ የገዳሙን የስድስት መቶ ዓመት ታሪክ ሲጽፍ፣ ርስቱ ከወንዙ ተሻግሮ እስከ ኮረብታው ይደርስ እንደነበር አስረግጧል። ዶክተር ያሰኘውም ይኸው ነው። ገዳሙ ሲከስ ፍርድ ቤቱ የመጽሐፉን ቃል እንዳለ ተቀበለው። የአክስቱ ቤት በወንዙና በኮረብታው መካከል ነው።

ወደ ገዳሙ ወጣ። የመጻሕፍት ቤቱ ጠባቂ፣ ሽማግሌው መነኩሴ፣ ሳይጠይቁት የርስቱን መዝገብ አወጡለት። ገጹን ወደ መስኮቱ አነሳው። "እስከ ኮረብታው" ከሚለው ላይ ብራናው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ከሥሩ "እስከ ወንዙ" የሚል የተፋቀ ጽሑፍ በብርሃኑ ይታያል። ከሰባት ዓመት በፊት ለጥናቱ መጥቶም አይቶታል። ያኔ "ጥላ ነው" አለ ለራሱ፤ ጥላ ካልሆነ የአራት ዓመት ድካሙ ገደል ሊገባ ነበር።

"ያን ቀንም እንዲሁ አንስተኸው ነበር" አሉ መነኩሴው። "ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ዝም ብለህ ስትመልሰው፣ የተማረው ካላየው እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ተኛሁ።"

"እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ፣ አባቴ?"

"እንዳንተው ነዋ።"

ዶክተሩ መዝገቡን ዘጋው።

"ዳኛው ፊት ይመሰክሩልኛል?"

"አስቀድመህ አንተ ተናገር። ከኋላህ አልቀርም።"

ወደ አክስቱ ወረደ። "ቤቱ ያንቺ ነው። ወሰኑ ተፍቆ ነው የተጻፈው" አላት።

ካልሲ እያነሳች ዞረች። "እሰይ! መቼ አገኘኸው?"

"ዛሬ" ማለት ይችል ነበር። መንገዱን ሙሉ ያችን ቃል ሲለማመዳት ነው የመጣው።

"ከሰባት ዓመት በፊት።"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። እሱ የሚያደርገው ቢያጣ ችካሉን ሊነቅል አጎነበሰ።

"ተወው!" አለችው። "ይህንኑ ዳኛው ፊት እስክትናገር እዚያው ይቁም። እሱ ቢያንስ ልብስ ያሰጣልኛል።"

ግባ እንኳ አላለችውም።