ከማርያም በታች ያለው ኩርባ

ሄራን አጥናፉ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ቢሮ ስትውል ደረጃና ኮሪደር ስትስል ትውላለች። የልቧ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ለመኪና እሽቅድምድም ጌም መንገድና መኪና መሥራት። ይህን የሰማ ሁሉ "ይቺን የምታህል ሴትዮ ጌም ትጫወታለች?" ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ላይ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ሁሌ መጨረሻ ነው የምትወጣው። እሷን እንቅልፍ የሚነሳት የአስፋልቱ ስንጥቅ በትክክለኛው ቦታ መሆኑ፣ የመኪናው በር ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ የራሱ የመኪናው ድምፅ መሆኑ ነው።

እንደ እሷ ያሉ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል። የጌሙ አፍቃሪዎች በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አንዱ የመንደሬ የጫካ መንገድ ይግባልኝ ብሎ ይለምናል። ሌላው የአንዲት አሮጌ መኪና የኋላ መብራት ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል ብሎ ሦስት ገጽ አቤቱታ ይጽፋል። ሥራ መፍታት ነው ሊባል ይችላል። ሄራን ግን ሦስቱንም ገጽ አንብባ "እውነቱን ነው" ከሚሉት ወገን ናት።

የጌሙ ሠሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ አፍቃሪዎች ከሠሯቸው መካከል አንድ መንገድና አንድ መኪና መርጠው ጌሙ ውስጥ ያስገባሉ። ሄራን ዘንድሮ የላከችው ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዳገትና የአባቷን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ነበር።

አባቷ አቶ አጥናፉ በዚያች ታክሲ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በእሷ ነው፤ ጉለሌ ውስጥ በእሷ ተጭኖ ያልወለደ፣ ያልተዳረ፣ ያልታመመ ሰው ያለ አይመስልም። አምና ሞተሯ በቃኝ ስትል፣ ሸጎሌ አካባቢ መኪና እየፈታታ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ወሰዳት። አሁን በሯ በአንዱ፣ መብራቷ በሌላው መኪና ላይ ተበትኖ ይዞራል። አቶ አጥናፉ ከዚያ ወዲህ ስሟን አንስተው አያውቁም። ቤት ውስጥ የቀረላቸው ሲነዱ የሚያደርጉት ቡናማ ኮፍያ ብቻ ነው።

ሄራን ግን መኪናዋ ከመሄዷ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ በሜትር ለክታታለች፤ የመጨረሻውን የእንጦጦ ጉዞም ከኋላ ወንበር ሆና በስልኳ ቀርጻለች። እንግዲህ ያቺ ላዳ ሙሉ ሆና ያለችው ሄራን ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ጌሙ ከተቀበላት ዓለም ሁሉ ይነዳታል፤ ካልተቀበላት እዚያው ተረስታ ትቀራለች።

ሰኞ ዕለት ከገምጋሚዎቹ ደብዳቤ ደረሳት። መንገዱን ወደውታል። ስለ መኪናዋ ግን እንዲህ ይላል፦ "መሪው ሲለቀቅ ወደ ግራ ትስባለች። ከፋብሪካ የወጣችው መኪና እንዲህ አታደርግም። የአሠራር ስህተት ነው። እስከ እሑድ ካልታረመ መቀበል አንችልም።"

ስህተት አልነበረም፤ ሄራን እያወቀች ያደረገችው ነው። መኪናዋ ከዓመታት በፊት ሸጎሌ ቦይ ውስጥ ገብታ ከወጣች ወዲህ ወደ ግራ መሳቧን አልተወችም። ያላያት መካኒክ የለም። ሁሉም "ጋሽ አጥናፉ፣ ግማሽ ቀን ይስጡኝና ላስተካክላት" ይላሉ፤ እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ተዋት።" ቤተሰቡ ይህን በግትርነታቸው መዝግቦ ካለፈው ቆይቷል። አሁን የአባቷ ግትርነት ባሕር ተሻግሮ የእሷ ሙያ ጉድለት ሆኖ ሲመጣ ግን አናደዳት። ቁጭ ብላ በአንድ ሰዓት ውስጥ አረመችው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷን ይዛ አማን ጌም ቤት ሄደች። አማን የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ላይ መሪና ሦስት ፔዳል ያለው ጌም ቤት የእሱ ብቻ ነው። አባቷን ያመጣቻቸው በጨዋታ አስመስላ ነው እንጂ፣ የልቧን ለማን ትናገር? ከመላኳ በፊት የእሳቸውን ቃል ትፈልግ ነበር። የፈረንጆቹ ገምጋሚ አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳት ሰው ሌላ ነው።

"ጋሽ አጥናፉ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለ አማን ወንበሩን እየሳበ። "ፍሪሲዮኑ በግራ ነው፤ እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል።"

"ይሄ መሪ ነው ወይስ የልጅ መጫወቻ?" አሉ አቶ አጥናፉ። ግን ተቀመጡ። ወንበሩን አስጠጉ፣ መስታወት በሌለበት መስታወት አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን ጫን አደረጉ።

ስክሪኑ ላይ የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቆች ታዩ። አቶ አጥናፉ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ተነሱ። የመጀመሪያውን ዳገት ሲወጡ፣ "ይቺን ጉድጓድ ማን ነገረሽ?" አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። ሌላ ጌም ሲጫወቱ የነበሩት ሁሉ እየተዉ መጥተው ከኋላ ቆሙ። ሰውየው ባሕር ዛፉ መሐል በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ ልማዳቸው ሳይቸኩሉ ይወጣሉ።

ከማርያም በታች ያለው የመጨረሻው ኩርባ ደረሰ። ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት መጀመሪያ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው። አቶ አጥናፉ በግራ እጃቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ በቀኛቸው አማተቡ። መሪው ላይ አንድም እጅ አልቀረም።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ባሕር ዛፍ ውስጥ ተሰነቀረች።

ጌም ቤቱ በሳቅ ሞላ። አማን "ዝም በሉ እንጂ!" ብሎ ተቆጣ። አቶ አጥናፉ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

"መንገዱ የኔ ነው" አሉ። "መኪናዋ ግን የኔ አይደለችም።"

"አባዬ፣ እጅህን ለቀቅክ እኮ!"

"ሁልጊዜም እለቃለሁ። በአንዱ እጄ ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ በአንዱ አማትባለሁ። ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ? እሷ ራሷ ትታጠፋለች።"

ሄራን ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ኩርባ ስንት ጊዜ አልፋለች! ተሳፋሪዎቹ "ኧረ በማርያም!" እያሉ ወንበር ሲጨብጡ፣ እሳቸው ተረጋግተው ሲያማትቡ አይታለች። መኪናዋ ለምን ገደል እንዳልገባች ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ሴንቲሜትር ስትለካ የምትውል ሴት፣ ዓይኗ ሥር ያለውን ሳታይ ኖረች።

"ለዚህ ነው ያላስጠገንካት?" አለች።

አቶ አጥናፉ ትንሽ አፈሩ። "መጀመሪያማ ጊዜ አጥቼ ነው። እ... ከቦዩ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ሳማትብ ዝም ብላ ታጠፈች። በልኩ፣ ሳታበዛ ሳታሳንስ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይነካታል?"

ሄራን ላፕቶፗን እዚያው አወጣች። ያረመችውን ሰርዛ የቀድሞውን መለሰች። "እንደገና ንዳ፣ አባዬ" አለች።

አሁን ሳቂም አልነበረም። ዳገቱ፣ ጉድጓዷ፣ ባሕር ዛፉ አለፉ። ኩርባው ሲደርስ ኮፍያው ወረደ፣ ቀኝ እጅ ወደ ግንባር ሄደ። መኪናዋም ለብቻዋ፣ ቀስ ብላ፣ አስፋልቱን ይዛ ወደ ግራ ታጠፈች። ጉልላቷ መስታወቱ መሐል ቆመች። ጌም ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ አጥናፉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዳሽቦርድ መስሏቸው የአማንን ጠረጴዛ መታ መታ አደረጉና "ጎሽ፣ የኔ እመቤት" አሉ። ሁልጊዜ የሚሏት እንዲህ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሄራን ለገምጋሚዎቹ መልስ ልትጽፍ ተቀመጠች። ከሁሉ ያስቸገራት ያ በመጨረሻው ጉዞ የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። ያለ እሱ አያምኗትም፤ ከላከችው ደግሞ አባቷ መሪ ለቀው ሲነዱ ሊታዩ ነው። ይስቁባቸዋል ብላ ሰጋች። መጨረሻ ላይ አባቷን ራሳቸውን ጠየቀች።

"ትራፊክ ፖሊስ ያየዋል?" አሉ አቶ አጥናፉ።

"እዚያ ያሉት ፈረንጆች ናቸው የሚያዩት።"

"እነሱማ ይዩ። ይማሩበታል።"

ሄራን ሳቀች፤ ፍርሃቷም ከሳቁ ጋር ወጣላት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ስህተት ያላችሁት የመኪናዋ እውነት ነው። እኔ የሠራሁት ከፋብሪካ የወጣችውን ሳይሆን አባቴ የነዳትን ነው። አላርማትም።" ቪዲዮውን አያይዛ ላከች።

መልሱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሄራን ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ወዳሉት አባቷ ሮጠች፤ እያነበበች በአማርኛ ነገረቻቸው።

"ቪዲዮውን አሥራ ሁለት ጊዜ አየነው ይላል። እንዲህ ከእውነተኛዋ መኪና ጋር ልክ የሆነ ሥራ ደርሶን አያውቅም ይላል። አባዬ፣ ተቀብለዋታል! መንገዱንም እሷንም!"

አቶ አጥናፉ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ምን እንደሚያደርጉ ጠፋባቸውና መልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ሄራንም ኩራቱ ልቧን ሞላው፤ በሯም መብራቷም የተበተነው ላዳ አሁን የትም አገር ሄዳ ዳገት ልትወጣ ነው።

"ሌላስ ምን ይላል?"

"ገምጋሚው ደግሞ፣ እኔ ራሴ ኩርባው ላይ ሁለቱንም እጄን ለቀቅኩ፤ ታጠፈች ይላል።"

አቶ አጥናፉ ትንሽ አሰቡ።

"ኮፍያውን አውልቋል?"

"እሱን አልጻፈም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ጻፊለት እንጂ!" አሉ ቆጣ ብለው።

ጻፈችለት። ዛሬ ያንን ዳገት የሚመርጥ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ መንዳት ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ያነባል፦ ከማርያም በታች ያለው ኩርባ ላይ መሪውን ይልቀቁት። ኮፍያ ያደረገ ያውልቅ።