ለምርጫው ብቻ

እንግዳ ላፍቶ ሲገባ ይዞት የመጣው አንድ የአህያ ጭነት ጨውና ጥቂት ጣሳ ላምባ ብቻ ነበር። ከየት መጣህ ብሎ ያስጨነቀው ሰው አልነበረም፤ ስሙ ራሱ እንግዳ ከሆነ በኋላ ምኑ ይጠየቃል። ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሰው መሬት ላይ ኪራይ እየከፈለ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሠራና ጨው፣ ክብሪት፣ አቡጀዲ መሸጥ ጀመረ። ሚዛኑ አይዋሽም ነበር። ይህን በኋላ የምትረግመው ገዲሴ ራሷ ዛሬም ቢሆን አትክድም።

ከሚዛኑ ይልቅ ያስወደደው ግን ብዕሩ ነው። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ቀያሾች ገመድና ችካል ይዘው መጡ። ከተማ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው ከወንዙ ወዲህ ያለው ሁሉ ርስቴ ነው ብሏል ተባለ። ገበሬው ተሰብስቦ ሲያለቅስ እንግዳ ሱቁን ዘግቶ ማመልከቻ ጻፈ፤ ጽፎም አልቀረ፣ ይዞት በየቢሮው ደጅ ጠና። ብዙም ሳይቆይ ችካሉ ተነቀለ። የገዲሴ ባል ሁንዴሳ ያን ቀን በግ አረደለት፤ ከአባቱ የወረሳት፣ ከሐና ማርያም በታች ያለችው ማሳ ተርፋለታለችና።

እንግዲህ በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ ሲባል፣ ላፍቶ ሌላ ሰው አላሰበችም። ለፓርላማ የሚሆን አፍ ያለው እንግዳ፣ ብዕር ያለው እንግዳ። ችግሩ አንድ ነበር። ለመመረጥ የሚቀርብ ሰው ንብረት ሊኖረው ይገባል ተባለ። የሱቁ ዕቃ ተገምቶ አልሞላ አለ፤ መሬት ደግሞ የለውም።

ሐሳቡን ያመጣው ሁንዴሳ ነው። ገዲሴ በኋላ እንግዳን ስትረግም እንኳ ይህን መካድ አልሆነላትም። ቤታቸው ከእንግዳ ጋር ጠላ ይዘው ተቀምጠው ሳሉ ሁንዴሳ ጭኑን መታ አደረገና፣ የኔን ማሳ የሱ ነው ብለን ብንመሰክርለትስ አለ። የገዲሴ ታላቅ ወንድም በንቲ ወዲያው ተስማማ። በንቲ የሰው መሬት አራሽ ነው፤ ከቃሉ በቀር ሀብት የለውም፤ ግን በዚያ ቃል ስንት የተጣላ አስታርቋል፣ ስንት ድንበር አስምሯል። ጎረቤታቸው ሮበሌም እኔም አለሁበት አለ። እንግዳ ዓይኑ እንባ ሞላ። የአባትህን ርስትማ አልነካም ብሎ እምቢ አለ። ደግመው ለመኑት፣ ደግሞ እምቢ አለ። ሲሰልሱበት ግን እሺ ያለው ሁንዴሳ ንግግሩን ሳይጨርስ ነበር። ገዲሴን ያስፈራት እምቢታው ሳይሆን ያ ፍጥነቱ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሆዷ አልችል አላት።

«ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሁንዴሳ።»

«ለምርጫው ብቻ ነው» አላት። «ምርጫው ሲያልቅ መሬቱ የት ይሄዳል? እግር የለው።»

ሦስቱ ሰዎች ከምርጫው ሹም ፊት ቀርበው በሐና ማርያም ስም ማሉ። ሁንዴሳ የአባቱን መሬት የሌላ ሰው ነው ብሎ ሲምል ሳቁ መጥቶበት ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ቤት መጥቶ የሹሙን አጠያየቅና የራሱን አማማል እያስመሰለ ሲያወራ ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ገዲሴም ሳቀች፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻዋን ምን ልታደርግ።

የእንግዳ የምርጫ ምልክት ፋኖስ ነበር። ላምባ ነጋዴ ሌላ ምን ይመርጣል። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ፋኖሷን እያየ ድምፁን ሰጠ፤ እንግዳም ገባ። ከዚያ ወዲህ ካፖርትና ባርኔጣ መጣ፣ «የተከበሩ» የሚለው መጣ፣ ትናንት እንግዳ ና ይለው የነበረው ሁሉ እሳቸው ማለት ጀመረ። ሥራም ሠርቷል፤ አንዋሽበትም። ክረምት ክረምት ሰው ይወስድ የነበረው ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠራው እሱ ነው።

ማሳውን ሰው «የእንደራሴው ማሳ» ይለው ጀመር፤ ለጨዋታ ነው። ሁንዴሳ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ፣ ለጌታዬ ላርስ ልሂድ ይላል። እንግዳ ሲያልፍ ደግሞ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ ጭሰኛዬ እንዴት አደርክ ይለዋል፤ ሁንዴሳም እስከ መሬት እጅ ይነሳል። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። አዝመራ ሲደርስ የሱቁ ሠራተኛ ባዶ ጆንያ ይዞ መጣና፣ ጌቶች ሲሶዬን ላክልኝ ብለዋል አለ፤ የመሬት ጌታ ከጭሰኛው የሚወስደውን ማለቱ ነው። ሁንዴሳ በሳቅ እየተንፈራፈረ ጤፍ ሞላለት። በዓመቱ ሠራተኛው ተመልሶ መጣ፤ ሁንዴሳ ያን ጊዜ ፈገግ ብቻ አለ። በሌላው ዓመት ሠራተኛው ከጠዋት ጀምሮ አውድማው ዳር ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ጆንያውም ትልቅ ነበር። ቀልዱ መቼ እንዳለቀ አንዳቸውም መናገር አይችሉም።

ግብሩንም እንግዳ በራሱ ስም ይከፍል ጀመር። ምክንያት ነበረው፤ መቼም እንግዳ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ጠላት አለብኝ፣ መሬቱ በሌላ ሰው ስም እየተገበረ ቢያገኙት በሐሰት ምላችኋል ይሉናል፣ ብንታሰርም የምንታሰረው አብረን ነው አለ። «አብረን» ሲል የሁንዴሳን ትከሻ አቀፍ አድርጎ ነበር። ገዲሴ ያቺን ቃል ይዛት ዋለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ውሃ ስትቀዳ አብረን፣ አብረን ትላለች።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሌላ ምርጫ መጣ፤ ሦስቱ እንደገና ማሉ። ያን ዕለት ሁንዴሳ ማንንም አላስመሰለም። እህል አልቀምስ ብሎ ዋለና በማግሥቱ እንግዳ ዘንድ ሄደ። ይበቃል፣ መሬቴን መልስልኝ ሊለው ነው የሄደው። እንግዳ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ በገዛ እጁ ጠጅ ቀዳለት። ምን ችግር አለ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ልመልስልህ አለው። ግን ሰዎች ያኔ ዋሽታችኋል ይሏችኋል፤ አንተን፣ በንቲን፣ ሮበሌን። የኔስ ግድ የለም፣ ለእናንተ ነው የማዝነው። ሁንዴሳ ጠጁን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሳው አልቀለደም፤ ስለ ሌላውም ቢሆን መቀለዱን ተወ።

በሃምሳ ሰባቱ ምርጫ ምስክር የጠየቀ የለም። መሬቱ የእንግዳ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ያን ክረምት ሁንዴሳ ሳንባውን ታመመና ሞተ። እንግዳ በመኪና መጣ፤ ከልቡ አለቀሰ፤ ለቀብሩ የሚሆነውን ሁሉ ቻለ። ለቀስተኛው ምነው እንዲህ ያለ ወዳጅ ለኛም በሰጠን አለ። ተዝካሩ እንዳለቀ የሱቁ ሠራተኛ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጆንያ አልያዘም። ከሐና ማርያም በታች ፋብሪካ ሊሠራ ስለሆነ፣ ገዲሴ አዝመራዋን እስክትሰበስብ ትቀመጥና ከዚያ ማሳው ላይ ያለውን ቤት ትልቀቅ፣ የተከበሩ አቶ እንግዳም ያለ መጠጊያ አይተዉአትም ብሎ ነገራት። ገዲሴ ጥሬ እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች።

እንግዳ ሱቁ በነበረበት ቦታ ባሠራው ትልቅ ቤት ሰገነት ላይ አገኘችው። ቆሞ ተቀበላት። የልቧን ሁሉ ተናገረች፤ ጠላው የተጠጣበትን ቀን፣ እምቢታውን፣ ለምርጫው ብቻ የተባለውን። አንዴም ሳያቋርጣት ሰማት።

«እትዬ ገዲሴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ነፍሱን ይማረውና ሁንዴሳ እግዜር ፊት ምሎ የተናገረውን ቃል፣ እኔ ከሞተ በኋላ እንዴት ላፍርሰው?»

ዓይኑን አየችው። የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም። ቢዋሽ ትሰድበው ነበር፣ ቢያፍር ትለምነው ነበር። ይህ ሰው ግን መሬቱ ያንተ ነው ሲሉት ኖረው አምኗል። ገዲሴ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም፤ ደረጃውን ግድግዳ ይዛ ወረደች።

ሮበሌን ብትጠይቀው ጊዜው ራቀ፣ አላስታውስም አለ። በንቲ ግን፣ ያረጀውና ደረቱ ሲያፏጭ የሚሰማው በንቲ፣ በትሩን ይዞ ተነሣ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባል የለም ወይ አላት። ያጠፋሁት በአፌ ነው፣ የማቀናውም በአፌ ነው አለ። ገዲሴ ወንድሟ አንድ ነገር ተናግሮ ሳይታመን የቀረበትን ቀን አታውቅም። ስለዚህ ከሰሰች።

ፍርድ ቤቱ በሰው ታጨቀ። እንግዳ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። በንቲ ቀርቦ ማለና ሁሉንም ተናገረ። አንድም አላስቀረ፤ ሐሳቡ የማን እንደነበር፣ ማን እንደሳቀ፣ የጤፉ ሲሶ እንዴት በቀልድ እንደተጀመረ። ገዲሴ ወንድሟን እያየች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ደረቷ ቀለል አላት። ዳኛው አስጨርሰውት መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባቴ፣ በአርባ ዘጠኝም በሃምሳ ሦስትም በሐና ማርያም ስም ምለው መሬቱ የአቶ እንግዳ ነው ብለዋል። ዛሬም በሐና ማርያም ስም ምለው አይደለም ይላሉ። የቱ ነው ሐሰቱ?»

«የያኔው» አለ በንቲ።

«ደጋግሞ በሐሰት የማለ ሰው ዛሬ እውነት ስለመናገሩ ምን ላይ ተመርኩዤ ልመን?»

በንቲ በትሩን ጨበጠ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስታርቅ እሱም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ዳኛው በሐሰት መማሉን ራሱ አምኗልና ጉዳዩ እስኪጣራ ወህኒ ይውረድ አሉ፤ መሬት ያለው ዋስ ከጠራ ግን በዋስ ይወጣል። ሁለት ጠባቂዎች ክንዱን ያዙት። ዋስ አለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። በንቲ ዞሮ ሕዝቡን አየ። ድንበር ያሰመረላቸው፣ ልጅ ያስታረቀላቸው፣ መሬት ያላቸው ሰዎች እዚያው ነበሩ፤ ሁሉም ወደ ገዛ እግሩ ያያል። ከእንደራሴው ጋር ማን ይጣላል። በንቲ ሳል ያዘውና አጎነበሰ፤ ጠባቂዎቹ ደግፈው አቆሙት።

ያን ጊዜ እንግዳ ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እኔም እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ይህ ብርድ አይችላቸውም። እኔ እዋሳቸዋለሁ፤ በላፍቶው መሬቴ።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው የሚል ማጉረምረም ነበር። ዳኛው ግን እስክሪብቶአቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ክርክር ያለበት መሬት ለዋስትና አይያዝም አሉ። ከሳሿ መሬቱ የኔ ነው ማለቷን ካልተወች፣ በዚህ መሬት መዋስ አይቻልም። ከዚያ ወደ ገዲሴ ዞሩ።

ገዲሴ እንግዳን አየችው። እሱ አላያትም፤ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቱ ያዞራል። ይህን አስቦበት ነው የመጣው ወይስ አሁን ነው የመጣለት፣ ማወቅ አልቻለችም። በንቲ ሳሉ መለስ ሲልለት በኦሮምኛ ተናገራት፤ ተይ እህቴ፣ እምቢ በይ፣ እኔ ኖሬ ጨርሻለሁ አላት። ደረቱ ሲያፏጭ ከቆመችበት ድረስ ይሰማታል። በዚያ ክረምት ሁንዴሳ ሲሞት ያፏጨውም እንደዚያው ነበር። መሬቷን ፈለገች፤ የትዳር ቤቷ፣ የባሏ ላብ ነው፤ እንዲህ አድርጋ ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም። ግን በንቲ ወህኒ ከወረደ በሕይወት እንደማይወጣም ታውቃለች።

«ምለሽ ተናገሪ» አሏት ዳኛው። «መሬቱ የማን ነው?»

እጇን አነሣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሷንም ገረማት።

«የሳቸው ነው» አለች።

ጸሐፊው ጻፈ። ጠባቂዎቹ የበንቲን ክንድ ለቀቁት። በንቲ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ እንባው በሽበቱ ላይ እየወረደ መሬት መሬቱን ያያል። ገዲሴ ብብቱን ደግፋ ወደ መውጫው ይዛው ስትሄድ ሰዉ ገለል እያለ አሳለፋቸው። እንግዳ ፈጠን ብሎ ቀደማቸውና በሩን ከፈተላቸው።