የማሪት እናት እና ሴናተር ካድዌል

ማሪት የሞተችው መኪና ውስጥ ነው። ባሏ ዌስ እየነዳ፣ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ። የወረዳችን ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሉን አያዋጣም ብሎ ከዘጋው ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ምጥ የያዛት ሁሉ ትልቁ ከተማ ድረስ መሄድ ነበረባት። በአዮዋ የጥር በረዶ ደግሞ ያ መንገድ መንገድ አይባልም። ሕፃኗ እዚያው መኪና ውስጥ ተወለደችና ተረፈች፤ ኤልሲ አሏት። የእናቷን ደም ግን የሚያቆመው አልተገኘም።

የማሪት እናት ሶልቬግ ሀውገን ጎረቤቴ ናት። ሃልስታድ ከተማ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ዘምረናል፤ ባሎቻችንንም በየተራ ቀብረናል። ማሪት ከሞተች በኋላ ዌስ በየጠዋቱ ወደ አሳማ እርባታው ሲሄድ ኤልሲን ሶልቬግ ጋ ጥሎ ይሄድ ነበር። ልጅቷ ወለሉ ላይ በፀጉር መጠቅለያዎች እየተጫወተች ነው ያደገችው።

ፖለቲካ ሶልቬግን አያገባትም ነበር። ከሌሎቹ ግዛቶች ቀድመን ዕጩ የምንለየው እኛ ስለሆንን፣ በየአራት ዓመቱ ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልጉ ሰዎች ወደኛ ይጎርፋሉ፤ የአሳማ ጥብሳችንን ይበላሉ፣ ውሾቻችንን ይደባብሳሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው አያዩንም። ሴናተር ሎሬይን ካድዌል ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የመጣች ቀን እንኳ ሶልቬግን ጎትቼ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ካድዌል ብዙ አልተናገረችም። የተቀመጥነውን ሴቶች አየት አየት አድርጋ፣ «እዚህ አገር ሰው የት ነው የሚወልደው?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሶልቬግ ተነሥታ፣ «ልጄ መኪና ውስጥ ወለደች» አለች።

ሴትዮዋ ለካሜራ ብላ አላቀፈቻትም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «ስሟ ማን ነበር?» አለቻት። ሶልቬግ የልጇን ስም በሰው ፊት ስትጠራ ያን ቀን ነው የሰማኋት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። ፀጉር ቤቷን በጊዜ እየዘጋች በዚያ ብርድ ቤት ለቤት ትዞራለች። አንድ ቀን አብሬያት የበቆሎ ገበሬው ሃርላን ደጃፍ ቆምን።

«ሴትዮዋ ጎበዝ ናት» አለ ሃርላን፣ «ግን አታሸንፍም።»

«አንተ ካልደገፍካት እንዴት ታሸንፋለች?»

«እኔማ እደግፋት ነበር። ሌላው ሰው ነው የማይመርጣት።»

«ሌላው ሰው ማን ነው?»

ሃርላን ጭንቅላቱን አከከ። «እንጃ... እንደኔ ያለ ሰው ነዋ።»

ሶልቬግ በመንገድ ላይ በሳቅ እስክፈርስ አሳቀችኝ። ዌስም ቢሆን ያኔ ይቀልድባት ነበር፤ «ፕሬዚዳንት ሳያደርጓት አይተኙም አይደል?» ይላታል ልጁን ሲያደርስ።

ከገና በፊት ፔሪ የሚባለው የካድዌል የቅስቀሳ ኃላፊ ካሜራ ይዞ ፀጉር ቤት መጣ። ያን ቀን እንደተናገርሽው ብቻ ተናገሪ አላት። እሷም ተናገረች፤ ከጀመረች ደግሞ ማቆም አቃታት። ዌስ አቋራጭ ይሻላል ብሎ በጠጠሩ መንገድ እንደገባ፣ በረዶው ዘግቶት እንደነበር፣ ወደ ኋላ እስኪመለስ ድረስ ማሪት ድምፅዋ እንደጠፋ፣ ሁሉንም አወጣችው። ፊልሙን ቆራርጠው ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያሳጥሩት የጠጠሩን መንገድ ነገር ግን አልቆረጡትም።

ዌስ ማስታወቂያውን ያየው ከብት መኖ መሸጫው ውስጥ፣ ጓደኞቹ መሀል ቆሞ ነው። እኔ ፀጉሬ እንደረጠበ ወንበሩ ላይ ነበርኩ በሩን ከፍቶ ሲገባ። አልጮኸም። ኮፍያውን እንኳ አወለቀ።

«ሶልቬግ፣ ስለ ጠጠሩ መንገድ ለሰው ነግሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ለፖሊስ አልነገርኩም። ለገዛ ወንድሜ አልነገርኩም። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ያውም እናቷ ስለሆኑ።»

«ዌስ፣ አንተን አልወቀስኩም እኮ። ሆስፒታሉን ነው። እነሱ ባይዘጉት...»

«መኖ ቤት ያሉት ሰዎች እንደዚያ አልሰሙትም» አለ። «ዞር ብለው ነው ያዩኝ።»

ኤልሲን ከወለሉ አነሣት። መጠቅለያውን ከእጇ አስለቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በማግሥቱ ልጅቷ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ሶልቬግ ወዲያው ለፔሪ ደወለች። ፔሪ ለመነ፤ ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ነው ሰው ካድዌልን ማዳመጥ የጀመረው፣ አሁን ብናነሣው አበቃልን አላት። ከሁለት ቀን በኋላ ሴናተሯ ራሷ ደወለች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ ድምፅዋ በደንብ ይሰማኛል።

«ወይዘሮ ሀውገን፣ የእርስዎ ልጅ ናት፣ ቤተሰቡም የእርስዎ ነው። አቁሚው ካሉኝ ዛሬውኑ አስቆመዋለሁ።»

ሶልቬግ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። መስኮቱ ላይ በረዶ ይወርዳል።

«ካሸነፉ ማዋለጃውን ያስከፍቱታል?»

«የቻልኩትን ሁሉ አደርጋለሁ።»

«እንግዲያው ይቀጥል» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ፣ «ሶልቬግ፣ ልጅቷስ?» አልኳት።

«ሌላ ሴት እንዳትሞት ነው» አለች። ቀጥላ፣ «አንቺ ደግሞ እንደዚያ አትበይኝ» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ያልኳት ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

ፓርቲያችን ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ዕጩ የሚለይበት የድጋፍ ምርጫ ምሽት ደረሰ። በኛ አገር ይህ ምርጫ በምስጢር አይደለም፤ የፓርቲው ሰዎች ትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ተሰብስበን፣ እያንዳንዱ በሚደግፈው ዕጩ ጥግ ይቆማል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያልሞላው ጥግ ይበተንና ሰዎቹ ወይ ወደ ሌላ ይሄዳሉ ወይ ቤታቸው ይገባሉ።

የካድዌል ጥግ የቅርጫት ኳሱ ቀለበት ሥር ነበር። ሴቶች ይበዙበታል። ብዙዎቹ የሶልቬግ ደንበኞች ናቸው። ሃርላን ከትልቁ ጥግ ሆኖ፣ «ሶልቬግ! እኛ ጋ ኬክ አለ፤ እናንተ ጋ ብርድ ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች።

በሩ ሊዘጋ ሲል ዌስ ገባ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው፤ ሁሉም ማስታወቂያውን አይቶታል። ዌስ ማንንም ሳያይ በቀጥታ ወደኛ መጣና ከሶልቬግ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

እሷ አንድ እርምጃ ወደሱ ተራመደች። «ዌስ...»

«ለማሪት ነው የቆምኩት» አለ ሳያያት። «ለእርስዎ አይደለም።»

ሰብሳቢው እየዞረ ቆጠረን፤ እንደገናም ቆጠረን። ትንሽ ጎደልን። ወዲያው ከየጥጉ ሰው እየመጣ ይጎትተን ጀመር፤ ና፣ ነይ፣ ድምፅሽን በከንቱ አታጥፊ እያለ። ሃርላን እንኳ ኬክ በወረቀት ሳህን ይዞ መጣ። ሶልቬግ ግን የትም አልሄደችም። አንድ በአንድ ከጎናችን ሲለቁ እያየች ቆማ፣ መጨረሻ ላይ ካፖርቷን ለበሰች። ዌስ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

በሌሎቹም አዳራሾች ስላልሞላላት ካድዌል በማግሥቱ ከውድድሩ ወጣች። በቴሌቪዥን ቆማ ደጋፊዎቿን አመሰገነች፤ አይኗ ቀልቷል። ለሶልቬግ በእጇ የጻፈችው ካርድ መጣ። ፔሪ ቢሮውን ሲያስረክብ የተረፉትን የቅስቀሳ ሰሌዳዎች ፀጉር ቤቱ በር ላይ ደርድሮላት ሄደ።

በመጋቢት ዌስ አሳማዎቹን ሸጦ ወደ ጎረቤት ግዛት ሳውዝ ዳኮታ፣ ወንድሙ ዘንድ ለመሄድ ተነሣ። ሶልቬግን በኔ መኪና ይዣት ሄድኩ። መኪናው ተጭኖ አልቆ ደረስን። ዌስ አልከለከላትም፤ የኤልሲን በር ራሱ ከፈተላት።

«አያቴ፣ አንቺም ትመጫለሽ?» አለች ልጅቷ።

«አሁን አልመጣም፣ የኔ ቆንጆ።»

ስማት ስትመለስ ዌስ አስቆማት። «አድጋ ያንን ፊልም ታገኘዋለች። ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገራት።»

«እውነቱንማ እርስዎ ነገሯት» አለ። «እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የጠየቅኩት።»

ሶልቬግ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ጭቃው ውስጥ ቆማ አየችው፤ ኤልሲ በመስኮቱ እጇን ታውለበልብ ነበር።

ማዋለጃው ዛሬም ዝግ ነው። ያን ዓመት ፓርቲያችን ሌላ ሰው አቀረበ፤ በኅዳሩ ምርጫ ሶልቬግ ድምፅ ትስጥ አትስጥ አልጠየቅኳትም። ሰሌዳዎቹን የአትክልት ቦታዋ ዙሪያ ለጥንቸል መከላከያ ተከለቻቸው። እሑድ እሑድ ዌስ ይደውልና አንድ ቃል ሳይናገር ስልኩን ለኤልሲ ይሰጣታል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡና አፍልቼ እጠብቃታለሁ፤ እሷም ልጅቷ ያለቻትን ትነግረኛለች። አንዳንዴ ብዙ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ልጅቷ ካርቱን እያየች ስለሆነ ትንፋሿን ብቻ ነው የምትሰማው።