ከግድግዳው ሥር የተገኘው ሸሚዝ

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ወዲህ ቧንቧ ሠራተኛው የሚስቱን ወንድም ለሰው ሁሉ ያማል። "ግንበኛ ነኝ ብሎ መሠረቴን አፈር ላይ አንሳፍፎልኝ ሄደ" ይላል። የጣራውን ውሃ ግን ከአሸንዳው ተቀብሎ በተቀበረ ቧንቧ እስከ መንገዱ ቦይ የወሰደው ራሱ ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ በዚያ ሥራው ይምላል።

ዛሬ ግንበኛውን አስጠርቶ፣ ጉድህን እይ ብሎ፣ ዓይኑ እያየ ከግድግዳው ሥር ቆፈረ። መሠረቱ ወገብ ድረስ ወርዶ በድንጋይ ተገንብቷል። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ሊጥ ሆኗል። የአሸንዳው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተላቅቆ፣ ውሃው ስድስት ክረምት ሙሉ እዚያው ሲፈስ ኖሯል።

"ምን አላቀቀው?" አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ግንበኛው እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደና የተጠቀለለ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ።

ቧንቧ ሠራተኛው ክው አለ። ያኔ ሲቀብረው አፈር እንዳይገባበት ብሎ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ያገኘውን ጨርቅ ወትፎበት ነበር፤ ሳያወጣው ቀርቶ ውሃው መሄጃ ሲያጣ መጋጠሚያውን አላቀቀው። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ቀረብ ብላ ጨርቁን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ቀርቶታል።

"ይሄ" አለች፣ "ወንድሜን ሰረቅከኝ ብለህ ከቤት ያባረርክበት ሸሚዝ አይደለም እንዴ?"