ልውጣ ወይስ ልተኛ?

፩

«በጥናቱ አካባቢ የሚስተዋለው የተዳፋት አለመረጋጋት፣ ከዝናብ መጠን መጨመር ጋር ተያይዞ፣ የመሬት መንሸራተት ተጋላጭነትን ሊያባብስ እንደሚችል ተመላክቷል።»

ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ማን ለማን አመላከተ?»

፪

ጠያቂዋ የጋዜጣው አርታኢ ወይዘሮ ስንቅነሽ ናቸው። ተጠያቂው የሥነ ምድር ተመራማሪው ዶክተር አንለይ ነው። ዕድሜ ልኩን ለባልደረቦቹ ሲጽፍ ኖሮ፣ ለሕዝብ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገሩ አጭር ነው። ኮረብታው ተሰንጥቋል። ከሥሩ ሰው ይኖራል። ክረምት እየገባ ነው።

አንባቢዬ፣ ለመናገር ይህን ያህል ብቻ ነበር የሚፈጀው። ዶክተሩ ግን ገጽ በገጽ ላይ ደረበ።

፫

የስልክ ንግግር፣ እንደወረደ።

እሳቸው፦ ዶክተር፣ ጽሑፍዎን ሳነብ ሁለቴ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሱ፦ የቱ ጋ?

እሳቸው፦ ሁለቱም ጊዜ «ተመላክቷል» ላይ። እኔ እዚያ ሥር ብኖር፣ ይህን አንብቤ ልውጣ ወይስ ልተኛ?

እሱ፦ ይኼማ ግልጽ ነው። አምና እጅ የማያስገባው ስንጥቅ ዘንድሮ ፍየል ውጧል።

እሳቸው፦ ፍየሏ ታዲያ ጽሑፉ ውስጥ የት አለች?

እሱ፦ ፍየል እኮ መረጃ አይደለችም፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ።

እሳቸው፦ ለባለቤቷ ናት።

፬

ተናደደ። ለዚህ ጥናት ገደል ለገደል ተንከራትቷል፤ ምስጋናው ይኼ ሆነ። ከንዴቱ ይልቅ ግን ድካሙ በለጠበት። የሴትዮዋ ጥያቄም አልለቀው አለ።

፭

ሁለተኛው ረቂቅ፦ «ኮረብታው ሊናድ ይችላል።»

በቀይ፦ «እኔም ሎተሪ ሊደርሰኝ ይችላል።»

፮

ደወለላቸው። የሚፈራውን እንዳለ ነገራቸው።

«ውጡ ብዬ ጽፌ ባይናድስ? ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ምን ይለኛል? ባልደረቦቼስ?»

ወይዘሮ ስንቅነሽ በረጅሙ ተነፈሱ። «ዶክተር፣ እኔም ደክሞኛል። ባይናድ ይሳቅብዎት፤ ከእርስዎ ጋር እኔም ይሳቅብኛል። ከተናደ በኋላ ብንጽፍ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

፯

አንባቢዬ፣ እኔም እዚህ ላይ ስለ ዝናቡ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ ቢያዩት ይሰርዙት ነበር ብዬ ራሴ ሰረዝኩት።

ዘነበ።

፰

ሦስተኛው ረቂቅ፦

«አምና እጅ የማያስገባው ስንጥቅ ዘንድሮ ፍየል ውጧል። ስንጥቁን የለካሁት እኔ አንለይ ነኝ። ኮረብታው መቼ እንደሚናድ አላውቅም። እንደሚናድ ግን አውቃለሁ።»

በቀይ ምንም የለም። ከታች ብቻ፣ በእርሳስ፣ አንዲት መስመር፦ «የመጨረሻውን ቃል እኔ አልጽፍልዎትም።»

፱

ማተሚያ ቤቱ ገጹን ይዞ እየጠበቀ ነው። ዝናቡ አላባራም። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ከኮረብታው ሥር ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ ……»